ሦስት ምት ከምድጃው ውስጥ

የዳቦ ቤታችን ምድጃ ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ እሳቱ ወጥቶለት ሲቀዘቅዝ ከውስጥ ያንኳኳ ነበር። ይህን የምጽፈው ሰው ለማስፈራራት አይደለም። የመናፍስት ወሬ ሲነሳ ከሚስቁት ወገን ነኝ። ጡብ ሲግል ያብጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ የተሰነጠቀ ጡብ ደግሞ ሲሰበሰብ ከጎረቤቱ ይላቀቅና ጣ ይላል። ዳቦ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ግን ድምፁ ሲመጣ እውቀቴ ሁሉ ጥሎኝ ይሄድና የምገባበት ይጠፋኝ ነበር።

ዳቦ ቤቱ መሃል ከተማ ነው፣ ከዋናው መንገድ አንድ ቅያስ ገባ ብሎ። ፊት ለፊት ባንኮኒና የመስታወት መደርደሪያ፣ ቀጥሎ ሊጥ የሚቦካበት ክፍል፣ ከዚያ ምድጃው። የምድጃው ጀርባ ለኋላው መተላለፊያ ግድግዳ ሆኖ ስለሚያገለግል በዝናብ ጊዜ መንገደኛ ተደግፎት ይሞቃል። አባቴ እኔ ሳልወለድ በገዛ እጁ የሠራው ነው። ወለሉም፣ እንደ ጎጆ የጎበጠው ጣራውም እሳት በሚችል ጡብ የተሠራ ነው። አፉ ግን ጠባብ ነው። ሙቀት እንዳያባክን ብሎ አጠበበው፤ ኋላ ራሱ ለመግባት ሲቸገር «ያኔ ቀጭን ነበርኩ፣ ምን ላድርግ» ይል ነበር።

የኤሌክትሪክ ምድጃ ግዙ የማይለን ሰው የለም። የእናቴ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «መብራቱ ሲጠፋ ሊጡን ለማን ልስጠው?» በዚህ ላይ የሚከራከራት ሰው እስካሁን አላየሁም።

እሳት የሚችል ጡብ ማለት እሳትን ለዘላለም የሚችል ማለት አይደለም። ባህር ዛፉ በየቀኑ ሲነድበት ቀስ በቀስ ፊቱ እየተላጠ ይረግፋል፣ ይሰነጠቃል፣ መገጣጠሚያው ይከፈታል። ስለዚህ በየዓመቱ ክረምት ሲገባ፣ ገበያ ቀዝቀዝ ሲል፣ ምድጃውን ሦስት ቀን ሙሉ እናሳርፈውና አባቴ ገብቶ ይጠግነዋል። አገባቡ እንዲህ ነው። በውሃ የተነከረ ጆንያ ወለሉ ላይ ይዘረጋል፤ በሆዱ ተኝቶ ጭንቅላቱን አስቀድሞ እየተሳበ ይገባል፤ ከዚያ ውስጥ በጀርባው ይገለበጥና ጣራውን ይሠራል። ከእሱ የሚቀረን አፉ ጋ ያሉት ሁለት እግሮቹ ብቻ ናቸው።

ከውስጥ መነጋገር አይቻልም። ድምፅ ከጎበጠው ጣራ ጋር እየተላተመ ስለሚመለስ ወደ ውጭ የሚወጣው ጉርምርምታ ብቻ ነው፤ ሰው ይናገር በሬ ያግሳ አይለይም። ከውጭ አፉ ላይ ተጠግቶ የሚናገር ሰው ግን ለውስጡ ጥርት ብሎ ይሰማል። ስለዚህ አባቴ በመዶሻው እጀታ ጡቡን እየመታ ነበር የሚጠይቀው። አንድ ሲመታ ጭቃ አቀብሉኝ፣ ሁለት ሲመታ ጡብ፣ ሦስት ሲመታ አውጡኝ ማለት ነው። ውጭ የቆመው ሰው መስማቱን ለማሳወቅ የምድጃውን የብረት መዝጊያ በመዳፉ ሁለት ጊዜ ይመታል። ሦስት የሰማ እንደሆነ ደግሞ የያዘውን ሁሉ ጥሎ ሁለቱን ቁርጭምጭሚት ይዞ መሳብ ነው። ትከሻ አፉ ላይ ስለሚጠብቅ ያለ ሳቢ መውጣት ጭንቅ ነው።

አፉ ላይ የምትቆመው ሁልጊዜ እናቴ ነበረች። እኔ በልጅነቴ ይህን ሥራ እንደ ጨዋታቸው ነበር የማየው። ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል ሳይለዋወጡ አንዱ ሲመታ አንዷ ስትመልስ ይውላሉ፤ ማታ እራት ላይ ግን በትንሽ በትልቁ ይነታረካሉ። ጋጋሪያችን «እናንተ ሰዎች ግድግዳ በመሃላችሁ ሲኖር ነው የምትስማሙት» ብሎ ይቀልድባቸው ነበር።

አሁን ዋናውን ነገር ልናገር፤ ሳድበሰብስ ዓመታት አልፈዋል።

የገና ሰሞን ነበር። የበዓል ዳቦ ትእዛዝ ተከምሮ ሳለ ከጣራው አንድ ጡብ ወለሉ ላይ ወደቀ። ሦስት ቀን ማሳረፍ የማይታሰብ ሆነ፤ ሁላችንም ተሰብስበን አንድ ቀን ተኩል ይበቃዋል ተባባልን። አባቴ እጁን ወደ ውስጥ ሰዶ «ይቻላል» አለ። እሱ የማይቻል ነገር ሲኖርም «ይቻላል» የሚል ሰው ነበር፤ ይህን ሁላችንም እያወቅን ማመኑ ተመቸን።

ገብቶ ሥራ እንደጀመረ ለእናቴ ስልክ ተደወለላት። ከከተማው ወጣ ብሎ ቡሹሎ የምትኖረው እህቷ ታማ ነበር። እናቴ ነጠላዋን አነሳችና እኔን ጠርታ አፉ ላይ አቆመችኝ።

«ቶሎ እመለሳለሁ። አንቺ ቁሚለት። ከዚህ ንቅንቅ እንዳትይ።»

«እሺ፣ ሂጂ በቃ» አልኳት። ልጅ አልነበርኩም፤ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። የተሳፈረችበት ባጃጅ ሲሄድ ሰማሁ። አንድ ሲመታ ጭቃ፣ ሁለት ሲመታ ጡብ እያቀበልኩ ቆየሁ። ከዚያ የእኔ ስልክ ጠራ።

ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ለእንግዳ ተቀባይነት ተፈትኜ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስልክ ስጠብቅ ነበር። ቁጥሩን አላውቀውም፤ እነሱ እንደሆኑ ግን ገባኝ። ምድጃው ጋ ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ ግድግዳው ወፍራም ነው። በኋላ በር ወደ መተላለፊያው ወጣሁ። ሴትየዋ መቼ መጀመር እንደምችል፣ እንግሊዝኛዬ እንዴት እንደሆነ፣ የሌሊት ተራ ይከብደኝ እንደሆነ እየጠየቀችኝ ሳለ ከአጠገቤ ካለው ግድግዳ ውስጥ ሦስት ምት ሰማሁ።

ሰማሁ። ይህን ቃል ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አልሰማሁም ብዬ ራሴን ለማታለል ብዙ ደክሜያለሁ፤ ግን ሰምቻለሁ። ያደረግኩትም ይኸውና፦ አንዴ ቆይ ለማለት ጣቴን ወደ ግድግዳው አነሳሁ። ግድግዳው ዓይን ያለው ይመስል። ስልኩ ላይ «አዎ፣ እየሰማሁዎት ነው» አልኩ። እንደገና ሦስት መታ። ፊቴን አዞርኩ። ጥቂት ቆይቶ ለሦስተኛ ጊዜ ሦስት መታ፣ ይኼኛው ላላ ያለ ነበር። ከዚያ ዝም አለ። ሴትየዋ «እንኳን ደስ አለሽ» ስትለኝ አመስግኜ ዘጋሁ።

ሮጬ ስገባ አባቴ ወጥቶ ዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጦ ነበር። ፊቱ ጥላሸትና ላብ ሆኖ ትንፋሹን እየተሻማ ውሃ በጆግ ይጠጣል። የት ሄደሽ ነው አላለኝም። እጄ ላይ ያለውን ስልክ አየና «ሥራው ነው?» አለኝ።

«አዎ።»

«ተሳካ?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«ተመስገን» አለና ሳለ። ሳሉ ያን ዕለት አልቆመም፣ በማግስቱም አልቆመም። እናቴ አመሻሹ ላይ ስትመለስ ጡቡ ተጠግኖ፣ ምድጃው ተዘግቶ፣ አባቴ ጋደም ብሎ አገኘችው። እኔ ሥራ ማግኘቴን ነገርኳት፤ አቅፋኝ ጸለየችልኝ።

ከአራት ወር በኋላ አባቴ ሞተ። ሐኪሙ ሳንባው የተጎዳው ዛሬ አይደለም፣ የዓመታት ጭስ፣ የዓመታት ዱቄትና የጡብ አቧራ ነው ብሎ አስረዳን። የተማረ ሰው ስለሆነ ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን ሐኪሙ ስለ ግድግዳው ምንም አያውቅም። እኔ አውቃለሁ። የሳል ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ያን የተነሳ ጣቴን አየዋለሁ።

ሆቴሉ ጥሩ ነበር። ሐይቁ ከባንኮኒው ይታያል፤ የደንብ ልብስ አለው፤ እንግዶች ፈገግታዬን ይወዱታል። ግን እንግዳ ተቀባይ ማለት ስልክ የሚያነሳ ሰው ማለት ነው። ስልኩ ሲጠራ ከማንሳቴ በፊት ጆሮዬ ወደ ጀርባዬ ግድግዳ ይሄዳል። የሥራ ባልደረቦቼ ቀልድ አድርገውት «ማንን ነው የምትጠብቂው?» ይሉኝ ነበር። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

ምድጃው ማንኳኳት የጀመረው ከቀብሩ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ነው። መጀመሪያ የሰማሁት በዕረፍት ቀኔ ባንኮኒ ላይ እናቴን ሳግዝ ነው። ጠራራ ፀሐይ ነው፣ ውጭ ባጃጆች ይጯጯሃሉ፣ አንዲት ደንበኛ ዳቦ በፌስታል እያስቆጠረች ነው። ከኋላ፣ ከምድጃው፣ ጣ፣ ጣ፣ ጣ አለ። በማንኪያ ሳህን የተመታ ያህል ደረቅ ድምፅ ነው። እናቴ ለደንበኛዋ «አንዴ ይቅርታ» ብላ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወደ ውስጥ ገባች። ተከትያት በበሩ አየሁ። ምድጃው ፊት ቆመች። የብረቱን መዝጊያ በመዳፏ ሁለት ጊዜ መታች። ከዚያ ተመልሳ መጥታ ቀሪውን ዳቦ ቆጠረች።

ስንዘጋ ጠየቅኳት። «እማዬ፣ ቅድም ምን እያደረግሽ ነበር?»

«መቼ?»

«ምድጃው ጋ።»

«መዝጊያው በደንብ አልተገጠመም ነበር» አለች። እናቴ መዋሸት አትችልበትም፤ ስትዋሽ ፊቷን ወደ ሥራ ታዞራለች።

ከዚያ በኋላ በሄድኩ ቁጥር ያው ነው። በእውነቱ ምድጃው አንዳንዴ ሁለት፣ አንዳንዴ አራት አምስት ጊዜ ይመታል። ለሁለቱና ለአራቱ አትነሳም። ሦስት ሲሆን ብቻ ተነስታ ትሄዳለች፣ ሁለት ጊዜ በመዳፏ ትመልሳለች። በሲዳምኛ የሆነ ነገር ዝቅ ባለ ድምፅ ስትል የሰማሁበትም ቀን አለ፤ ምን እንዳለች አልለየሁትም። ጋጋሪያችን ከስምንት ሰዓት ተኩል በኋላ ሥራ ቢኖርም ባይኖርም ቤት መሄድ ጀመረ። «እኔ ምንም አልሰማሁም፣ ግን ልጆቼ ይጠብቁኛል» ይላል። ልጆቹ አድገው አግብተዋል።

ያናደደኝን ነገር አልደብቅም። እናቴ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናት። የሴቶች ጸሎት ኅብረት ውስጥ ቃል የምታካፍል፣ ሐዘን ቤት ሄዳ «የሞተ በጌታ እጅ ነው፣ ከዚህ ምንም አይፈልግም» ብላ የምታጽናና ሴት ናት። እሷ ናት ለጡብ መልስ የምትሰጠው። አንድ ጊዜ የጸሎት ጓደኛዋ መጥታ ሳለ ምድጃው መታ፤ እናቴ ስትነሳ ሴትየዋ ግራ ተጋብታ አየቻት። እኔ ቶሎ ብዬ «አይጥ ነው፣ አይጥ አስቸግሮን» አልኩ። የእናቴን ገመና ሸፈንኩ ብዬ ነበር። የሸፈንኩት የማንን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

ባሏ ውስጥ ያለ መስሏታል ብዬ ደመደምኩ። አእምሮዋን እየሳተች ይሆን ብዬም ፈራሁ። ከሁሉ በላይ ግን ድምፁ ራሱ መቋቋም አቃተኝ። ያ ሦስት ምት ለእኔ የተላከ ነው። እሷ ሄዳ ስትመልስለት የሌላ ሰው ደብዳቤ ከፍታ የምታነብ ይመስለኛል፤ አንድ ቀን አንብባ ትጨርሰውና ዞር ብላ ታየኛለች ብዬ እሠጋለሁ። አንድ መውጫ ታየኝ። የተሰነጠቀው ጡብ ይውጣ፣ ድምፁ ይጥፋ፣ ሁሉም ነገር አብሮ ይዘጋ።

ሆቴሉን ለቅቄ ዳቦ ቤት ተመለስኩ። ለሰው ሁሉ እናቴን ላግዝ ብዬ ነው አልኩ፤ ግማሹ እውነት ነው።

ምድጃው ይጠገን ስላት እናቴ «ቆይ» አለች። በሳምንቱ ደግሜ ስላት «አሁን ገበያ ነው» አለች። ገበያ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጠብቄ አንድ ግንበኛ አስመጣሁ። አፉ ላይ ቆሞ እጁ የደረሰለትን ስንጥቅ ሁሉ በሲሚንቶ ለጠለጠልኝ፤ ወደ ውስጥ ለመግባት ግን «እኔ ሬሳ ሳጥን ውስጥ አልገባም» ብሎ እምቢ አለ። ሲሚንቶ እሳት አይችልም። አባቴ ጭቃውን የሚያቦካው ከሸክላ አፈርና ከተፈጨ አሮጌ ጡብ እንደሆነ እኔ እያወቅኩ፣ ድምፁን ለመድፈን ከመቸኮሌ የተነሳ ዝም አልኩ። በአምስተኛው ቀን ሲሚንቶው ተፈረካክሶ ዳቦው ላይ ወረደ። ምቱ ደግሞ እንደነበረ ቀጠለ።

በማግስቱ ከኛ ዳቦ ሳይገዙ የማይውሉት አዛውንት ጡረተኛ መምህር ግማሽ ዳቦ በጋዜጣ ጠቅልለው መጡ።

«ልጄ፣ ይኼ ምንድን ነው?» አሉኝ። የበቆሎ ፍሬ የሚያህል ቀይ ስባሪ ነው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ። የምድጃው ጡብ ነው። ጥርስዎን ጎዳዎት?»

«ያለችኝ አንድ ጥርስ ናት፣ እሷም ተርፋለች። አባትሽ በነበረበት ዘመን ግን እንዲህ ያለ ነገር አልደረሰብኝም።»

ይህን ያሉት በፈገግታ ነው። እናቴ ግን ባንኮኒው ጀርባ ሆና ሰማች። ስባሪውን ከእጄ ወስዳ ብዙ ጊዜ አገላበጠችው። በዚያው ሳምንት ከጣራው ሌላ ጡብ ተሰንጥቆ ግማሹ ወለሉ ላይ ወደቀ። ከእንግዲህ «ቆይ» የሚባልበት ነገር አልቀረም፤ ጣራው ከተናደ ዳቦ ቤቱም አለቀለት።

«እሺ፣ ይጠገን» አለች። «ግን ሌላ ሰው አይገባም። አንቺ ትገቢያለሽ። እኔ አፉ ላይ እቆማለሁ።»

«እኔ? ጡብ ገጥሜ አውቃለሁ እንዴ?»

«ስታዪ አይደል ያደግሽው? ቀጭንም ነሽ።»

በዓይኗ እንደማትመለስ አየሁና ተውኩት። በሆዴ ደስም አለኝ። ያን ጡብ በገዛ እጄ ነቅዬ እጥለዋለሁ።

ሦስት ቀን ሙሉ አሳረፍነው። ከሦስቱ ቀን እናቴ አንዲት ሰዓት አልሸራረፈችም። በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስት መታ፤ ሄዳ መለሰች። በሁለተኛው ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ጣ ብሎ ቀረ። በሦስተኛው ቀን ፈጽሞ ዝም አለ፤ እናቴ ግን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በርጩማዋን ይዛ ምድጃው ፊት ተቀመጠች። መዳፎቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እስከ አስር ሰዓት ጠበቀች።

በማግስቱ ጠዋት ጀመርን። ጡቦቹን ባልዲ ውስጥ ነከርን፤ ያልተነከረ ጡብ የጭቃውን ውሃ መጥጦ ያደርቀዋል። አሮጌ ጡብ ወቅጠን፣ በወንፊት ነፍተን፣ ከሸክላ አፈር ጋር አቦካን። እናቴ ጭቃውን በጣቶቿ መሃል እየፈተነች «ቀጠነ፣ ጨምሪ» ትለኛለች። የአባቴን መዶሻ ሰጠችኝ። ግንባሬ ላይ ባትሪ አሰርኩ፣ ፀጉሬን በሻሽ ሸፈንኩ፣ በሆዴ ተኝቼ ገባሁ።

ውስጡ ከጠበቅኩት ይሰፋል፣ ከጠበቅኩት ይጨልማል። አመድና ያረረ ዱቄት ይሸታል። በጀርባዬ ስገለበጥ ጣራው ከአፍንጫዬ ክንድ እንኳ አይርቅም። የባትሪው ብርሃን ያረፈበት ሁሉ የአባቴ እጅ ሥራ ነው፤ የትኛው መገጣጠሚያ የመጀመሪያው ግንባታ፣ የትኛው የኋላ ጥገና እንደሆነ በጭቃው ቀለም ይለያል። ያን ዕለት፣ የገና ሰሞን የጠገነው ጡብም አለ። ጭቃው ግማሽ ድረስ ብቻ ነው የተለሰነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መገጣጠሚያ ባዶ ነው። ተዘግቷል፣ ተጠግኗል ብለን የተውነው ሥራ ሳያልቅ ነበር። ዓይኔን ልነቅል አልቻልኩም።

የሚያንኳኳው ጡብ ከዚያው አጠገብ ነበር። ባዶው መገጣጠሚያ ቦታ ሰጥቶት ላልቷል። በአውራ ጣቴ ስገፋው ጣ አለ። ያው ድምፅ ነው። ውጭ ያለችው እናቴ አንድ የመታሁ መስሏት መዝጊያውን ሁለት ጊዜ መታችና የጭቃ ሳህን በእግሬ በኩል ገፋችልኝ። ሳቅ መጣብኝ፣ ወዲያው ደግሞ ሳቄ ወደ ሌላ ነገር ሊቀየር ሲል ዋጥኩት። ስንት ወር ሙሉ ሲያሳድደኝ የኖረው ይኸው ነው፤ በአንድ ጣት የሚነቃነቅ ጡብ።

በመሮ ዙሪያውን ፈልፍዬ አወጣሁት። ሁለት ቦታ ተሰንጥቆ እጄ ላይ ተለያየ። የጠበቅኩት እፎይታ ነበር። አልመጣም። ክፍተቱን በሽቦ ብሩሽ ጠረግኩ፣ አረጠብኩ፣ ሁለት መታሁ፣ ጡብ ተቀበልኩ፣ ገጠምኩ። ከዚያ አባቴ ጀምሮ የተወውን መገጣጠሚያ ሞላሁ። አንድ፣ ጭቃ። ሁለት፣ ጡብ። እናቴ አንድም ጊዜ ሳትዘገይ ትመልስልኛለች። የቀሩኝ ሁለት ጡቦች ሲሆኑ አቧራው ጉሮሮዬን ዘጋው። ሳል ጀመረኝ። በጀርባ ተኝቶ መሳል እንዴት እንደሚያፍን የሞከረው ያውቀዋል። ምድጃው ቀዝቃዛ ነው፤ እሱ ግን እዚህ የተኛው ጡቡ እየፈጀው እንደነበር ያኔ በአካሌ ገባኝ።

መዶሻውን አነሳሁና ሦስት መታሁ።

መልስ የለም።

ጠበቅኩ። ቁርጭምጭሚቴን የሚይዝ እጅ የለም። እንደገና ሦስት መታሁ። ዝም። ሄዳለች ብዬ አሰብኩ፤ ደንበኛ መጥቶ፣ ስልክ ተደውሎላት ሄዳለች። በክርኖቼ ራሴን ልገፋ ስሞክር ትከሻዬ ያዘኝ። እሪ ልል አሰብኩ፤ እዚህ ውስጥ እሪታ ምን ያደርጋል? ለሦስተኛ ጊዜ መታሁ። እጄ ስለዛለ ምቱ ላላ ያለ ነበር።

ያን ጊዜ ድምፅዋ መጣ። አፉ ላይ ጎንበስ ብላ ነው የምትናገረው፤ ከጆሮዬ ሥር የቆመች ያህል ይሰማኛል።

«አለሁ። የትም አልሄድኩም።»

ተናገርኩ፤ የራሴ ጉርምርምታ ተመልሶ ፊቴ ላይ ወደቀ።

«ያን ዕለት ማታ ክርኖቹን ያጠብኩት እኔ ነኝ» አለች። «ሁለቱም ሥጋው እስኪታይ ተልጠው ነበር። በእግሩ የሚሳብ ሰው ክርኑ አይላጥም። ስንት ዓመት የሳብኩት ሰው ነው፣ አውቃለሁ። ማን ሳበህ ስለው፣ ልጅቷ ናት አለኝ። እስኪሞት ድረስ እንደዚያ ነው ያለኝ።»

እንባዬ ወደ ጆሮዬ ወረደ። ልጠርገው እጄን የማነሳበት ቦታ የለም።

«ጡብ መሆኑን ያጣሁት መስሎሽ ነው? እሱ የት እንዳለ አውቃለሁ። ግን ሦስት ሲመታ አንቺን ነው የሚጠራው። አንቺ ደግሞ ትሸሺያለሽ። አንድ ሰው ይመልስለት ብዬ ነው በአንቺ ቦታ የምሄደው።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «አሁን ንገሪኝ። ያን ዕለት አባትሽ ስንት ጊዜ ጠራሽ?»

ነገርኳት። ስልኩን፣ መተላለፊያውን፣ የተነሳ ጣቴን፣ ሁሉንም ጮኼ ነገርኳት። አንድም ቃል አልወጣም። «አይሰማኝም» አለች። «ምቺልኝ።»

መዶሻውን አነሳሁ። ሦስት መታሁ። ቆምኩ። ሦስት መታሁ። ቆምኩ። የመጨረሻዎቹን ሦስት እንደ እሱ ላላ አድርጌ መታኋቸው።

ከዚያ የብረቱ መዝጊያ በመዳፍ ተመታ፣ ሁለት ጊዜ። ሁለት እጆች ቁርጭምጭሚቶቼን ያዙ። ከስልሳ ዓመት ሴት የማይጠበቅ ኃይል ነበር፤ በአንድ ትንፋሽ ሳበችኝ። ክርኖቼ ጡቡን አልነኩም።